መጽሐፉ አንድ፥ ንባቡ ልዩ ልዩ፦ ስለ ትልቁ አንጀት ነቀርሳ

የሰው ልጅ ስለ ራሱ ምታት፥ ስለ ጉልበቱ ቍርጥማት፥ ስለ ልቡም ድካም በሰው መካከል ሳያፍር ይናገራል፤ ስለ አንጀቱ ግን ዝም ይላል። በተለይም ጨዋነትን ከአባቶቻችን የተማርን እኛ፥ ከወገብ በታች ያለውን ሕመም ለሐኪም ቀርቶ ለትዳር ጓደኛችን እንኳ ለመግለጽ አንደፍርም። ይህ እፍረት ከመልካም አስተዳደግ የመጣ ስለ ሆነ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ዳሩ ግን ከእፍረቱ ሥር ተሸሽጎ ቀስ በቀስ የሚያድግ አንድ ደዌ አለ፤ እርሱም ትልቁን አንጀት የሚይዘው፥ ዛሬ ብዙ ሰው ካንሰር እያለ የሚጠራው ነቀርሳ ነው።

የደዌው ስፋት ቀላል አይደለም። በዓለም የጤና ድርጅት ሥር ያለው የነቀርሳ ጥናት ተቋም ባወጣው ግምት መሠረት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2022 ዓ.ም. ብቻ ከ1.9 ሚሊዮን በሚበልጡ ሰዎች ላይ የትልቁ አንጀት ወይም የፊንጢጣ ነቀርሳ አዲስ ተገኝቷል፤ በዚያው ዓመት በዚህ ደዌ የሞቱትም ከ9 መቶ ሺህ ይበልጣሉ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በአገራችንም ይህ ደዌ በወንዶች ላይ ከሚታዩት ነቀርሳዎች መካከል በፊተኛው ረድፍ ከሚቈጠሩት አንዱ ነው። እንግዲህ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ሳይሆን የየቤታችን ጉዳይ መሆኑን ማወቅ ይገባናል።

እኔ ስለዚህ ነገር አጥብቄ እንድመረምር ያነሣሡኝ አጎቴ ናቸው። በገጠር ደብር ከአርባ ዓመት በላይ ድጓ ያስተማሩ መሪጌታ ነበሩ፤ እኛም የወንድማቸው ልጆች እንደ ደቀ መዛሙርቱ የኔታ እያልን ነበር የምንጠራቸው። ከሰገራቸው ጋር ደም ማየት ከጀመሩ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኗቸው ሳለ፥ ኪንታሮት ነው በማለት ለማንም ሳይናገሩ ቈዩ። ሰውነታቸው ሲከሳም መንደርተኛው ከጾም ብዛት ነው ይል ነበር። በመጨረሻ ሆዳቸው ተዘግቶ ወደ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ፥ ሐኪሞቹ ከትልቁ አንጀታቸው ላይ ነቀርሳ ቈርጠው አወጡ፤ ነገር ግን የአንጀቱን ግድግዳ አልፎ ሄዶ ነበር።

ከሐኪም ቤት ወጥተው በእኔ ቤት ባገገሙበት ሰሞን፥ አንድ ቀን ማታ ከጸሎት በኋላ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ። «ልጄ፥ አንተ የሥነ ሕይወት መምህር ነህና ንገረኝ። ይህ ነገር ከውጭ መጣብኝን ወይስ ከውስጤ በቀለ?»

ጥያቄያቸው ትክክለኛ ጥያቄ ነበረ። መልሱንም የሚያውቁትን ነገር ምሳሌ አድርጌ ለመስጠት ሞከርሁ። አንባብያንም እንዲረዱት ያንኑ በሰፊው እጽፋለሁ።

የሰውነታችን ሥጋ፥ ደምና አጥንት የተሠራው ሕዋስ ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ማለት ይቻላል፥ ከአባትና ከእናት የተቀበልነው የዘር መጽሐፍ ይገኛል። ይህ መጽሐፍ የሚጻፍባቸው ፊደሎች አራት ብቻ ናቸው፤ ርዝመቱ ግን 3 ቢሊዮን ፊደል ያህል ነው። በውስጡም ፕሮቲን የሚባለውን የሰውነት መሥሪያ እንዴት ማበጀት እንደሚገባ የሚያዝዙ 20 ሺህ ያህል ምዕራፎች አሉ። ሊቃውንቱ እያንዳንዱን ምዕራፍ ጂን ይሉታል።

ከዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በዓይን ሕዋስ ውስጥ ያለው መጽሐፍና በአንጀት ሕዋስ ውስጥ ያለው መጽሐፍ አንድ ነው። ታዲያ ዓይን የሚያይ፥ አንጀት ደግሞ የማያይ ስለ ምንድን ነው? መጽሐፉ አንድ ሲሆን ንባቡ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት ሁሉ በዕቃ ቤቱ ተቀምጠው ሳሉ፥ በየዕለቱ የትኛው እንደሚነበብ የሚወስነው ግጻዌ ነው። የጥምቀት ምንባብ በስቅለት አይነበብም፤ የስቅለቱም በጥምቀት አይነበብም። እንዲሁም እያንዳንዱ ሕዋስ የራሱ ግጻዌ አለው፤ ለቦታውና ለጊዜው የሚገባውን ምዕራፍ ይከፍታል፥ የማይገባውን ዘግቶ ያኖራል። ዋናው መጽሐፍ ግን ከዕቃ ቤቱ አይወጣም፤ የተነበበው ምዕራፍ ግልባጭ ብቻ ወጥቶ ፕሮቲን ይሠራበታል። ሊቃውንቱ የጂን መነበብ ወይም መገለጥ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ይህ ሥርዓት በትልቁ አንጀት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። የአንጀቱ ውስጠኛ ገጽ ለዓይን ልሙጥ ይምሰል እንጂ፥ በማጉያ መነጽር ሲታይ እንደ ጕድጓድ ያሉ እልፍ አእላፍ ጥቃቅን ስርጕዶች አሉበት። በእያንዳንዱ ጕድጓድ ሥር እናት ሕዋሳት ይኖራሉ። በሆላንድ አገር በኡትሬክት ከተማ ይሠሩ የነበሩት ሃንስ ክሌቨርስና ባልደረቦቻቸው በ2007 ዓ.ም. እነዚህን እናት ሕዋሳት ኤል ጂ አር 5 በሚባል ምልክት ለይተው አሳይተዋል። እናቶቹ ሳያቋርጡ ይወልዳሉ፤ የተወለዱትም ቀስ በቀስ ወደ ጕድጓዱ አፍ ይወጣሉ። ከታች ሳሉ የሚነበብላቸው «ተባዙ» የሚለው ትእዛዝ ነው። ሲወጡ ግን ይህ ይዘጋና «ሥራችሁን ሥሩ» የሚለው ይከፈታል፤ አንዱ ውኃ ይመጥጣል፥ ሌላው አንጀትን የሚያለሰልስ ልጋግ ያወጣል። ከአምስት ቀን ገደማ በኋላም ሥራቸውን ፈጽመው ይረግፋሉ። በየሳምንቱ የአንጀታችን ገጽ እንደ አዲስ ይታደሳል ማለት ነው።

«ተባዙ» የሚለው ንባብ ከታች ብቻ እንዲሰማ፥ ከላይ ግን ዝም እንዲል የሚጠብቅ አንድ ዘበኛ አለ፤ ስሙም ኤ ፒ ሲ ይባላል። ጂኑ የታወቀው በ1991 ዓ.ም. ነው። የእርሱ ሥራ ቤታ ካቴኒን የሚባለውን መልእክተኛ እየያዘ ማስጠፋት ነው። ዘበኛው ከተበላሸ ግን መልእክተኛው ወደ መጽሐፉ ቤት ሰተት ብሎ ይገባና የመባዛትን ምዕራፎች ይከፍታል። ከእነዚህም መካከል ዋናው ማይክ የሚባለው ጂን እንደ ሆነ በ1998 ዓ.ም. ተገልጿል። ለአጎቴ ይህን ስነግራቸው በዐቢይ ጾም መሰልሁላቸው። በዐቢይ ጾም ጾመ ድጓው በመቋሚያ ይዘመማል፤ ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ። ከበሮው ክፉ አይደለም፤ ትንሣኤ ሲደርስ ይመታል። ያለ ጊዜው ሲመታ ግን ሥርዓት ይፈርሳል። ማይክም እንዲሁ ነው፤ ያለ እርሱ ሰውነት አይታደስም፥ ዝም ሊል በሚገባው ቦታ ሲጮኽ ግን ሕዋሳቱ መርገፍን ትተው ይከማቻሉ። ከመከማቸታቸውም የተነሣ ፖሊፕ የሚባል፥ እንደ ትንሽ እንጉዳይ ያለ ሥጋ በአንጀቱ ገጽ ላይ ይበቅላል።

አጎቴ ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና «እውነትህን ነው። የማሕሌት ሥርዓት በአንድ ሌሊት አይፈርስም። አስቀድሞ አንዱ ያለ ጊዜው ከበሮ ይመታል፤ የሚገሥጸው ከጠፋ ሌላው ይከተለዋል» አሉኝ።

ይህ ቃላቸው በአሜሪካ አገር በባልቲሞር ከተማ፥ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት በርት ቮጌልስታይን ከኤሪክ ፊሮን ጋር በ1990 ዓ.ም. ካሳተሙት ትምህርት ጋር የሚስማማ ነው። እነዚህ ሊቃውንት የአንጀት ነቀርሳ በአንድ ጊዜ የሚፈጠር ሳይሆን፥ በመጽሐፉ ላይ የሚደርሱ ስሕተቶች እየተጠራቀሙ በደረጃ የሚሄድ መሆኑን አስረዱ። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚበላሸው ኤ ፒ ሲ ነው፤ ከመቶ የአንጀት ነቀርሳ በሰማንያው ገደማ ተበላሽቶ ይገኛል። ቀጥሎ ኬ ራስ የሚባለው ጂን ስሕተት ሲገባበት «እደግ» የሚለው ድምፅ ሳይቋረጥ ይሰማል፤ ይህም ከመቶ በአርባ ያህሉ ይታያል። ቲ ፒ 53 የሚባለው ደግሞ የተበላሸውን ሕዋስ «ቁም፤ ካልታረምህም ሙት» ብሎ የሚገሥጽ ነው፤ እርሱ ሲጠፋ ተግሣጽ ይጠፋል። ከትንሽ ፖሊፕ ተነሥቶ ነቀርሳ እስኪሆን ድረስ ያለው ጕዞ አብዛኛውን ጊዜ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ይህን ቍጥር አንባቢ በልቡ ያኑረው፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

የፊደል ስሕተት አንድ ነገር ነው፤ የንባብ መለወጥ ሌላ ነገር ነው። ነቀርሳው በገፋ ቍጥር ከፊደሉ ስሕተት ይልቅ የንባቡ መለወጥ እየበረታ ይታያል። ጤነኛ የአንጀት ሕዋስ ኢ ካድኸሪን በሚባል ማጣበቂያ ከጎረቤቱ ጋር ተያይዞ ይኖራል። በአንዳንድ ነቀርሳ ይህ ምዕራፍ ይዘጋና የመንቀሳቀስ ምዕራፎች ይከፈታሉ። ያን ጊዜ ሕዋሱ ከቦታው ተላቆ ግድግዳውን ሰርስሮ በደም ሥር ወይም በሊምፍ መስመር ይሄዳል፤ ከአንጀት የሚወጣው ደም ወደ ጕበት ስለሚያልፍም ብዙውን ጊዜ ማረፊያው ጕበት ነው። ከዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን ነገር አለ። እነዚህ የመንቀሳቀስ ምዕራፎች ከባዕድ የመጡ አይደሉም። በእናታችን ማኅፀን ሳለን ሕዋሳት ከቦታ ወደ ቦታ ተጕዘው አካላችንን የሠሩት በእነርሱ ነው፤ ቍስል ሲድንም ይነበባሉ። መልካም ቃል ያለ ጊዜውና ያለ ቦታው ሲነበብ ምን ያህል ጥፋት እንደሚያመጣ ከዚህ እንማራለን።

የንባብ መዘጋትም እንዲሁ ይጎዳል። ኤም ኤል ኤች 1 የሚባለው ጂን የመጽሐፉ አራሚ ነው፤ ሕዋስ ሲከፈልና መጽሐፉ ሲገለበጥ የሚገባውን ስሕተት እየፈለገ ያቃናል። ከመቶ የአንጀት ነቀርሳ በአሥራ አምስቱ ገደማ የእርማቱ ሥራ ተቋርጦ ይገኛል። ከእነዚህም በሚበዙት የአራሚው ፊደል አልተፋቀም፥ አልተሰረዘምም፤ ነገር ግን እንደ ማኅተም ያለ ነገር ከመግቢያው ላይ ስለ ታተመበት አይነበብም። መጽሐፉ አለ፥ ቃሉም አለ፥ ድምፅ ግን የለም። አራሚ በሌለበትም ስሕተት ይበዛል። ይሁን እንጂ ከዚህ ክፉ ነገር ውስጥ አንድ በጎ ነገር ተገኝቷል፤ ስሕተቱ ከመብዛቱ የተነሣ እንዲህ ያለውን ነቀርሳ የሰውነት ጠባቂዎች እንደ ባዕድ ሊያውቁት ይችላሉ። ስለዚህም ጠባቂዎቹን ከእስራት የሚፈታ ፔምብሮሊዙማብ የሚባል መድኃኒት፥ እንዲህ ያለው ነቀርሳ ለተዛመተባቸው ሕሙማን የመጀመሪያ ሕክምና እንዲሆን በ2020 ዓ.ም. በአሜሪካ ተፈቅዷል።

በ2015 ዓ.ም. የልዩ ልዩ አገር ሊቃውንት ተባብረው የ4,151 ሕሙማንን ነቀርሳ የጂን ንባብ መርምረው በአራት ክፍል መድበውታል። በማጉያ መነጽር አንድ የሚመስለው ደዌ በንባቡ አራት ሆኖ ተገኘ። የመንቀሳቀስ ምዕራፎች ጎልተው የሚነበቡበት አራተኛው ክፍል ለሕይወት አስጊ ሆኖ ታይቷል። እርግጥ ነው፥ ሐኪም ዛሬም ሕክምናውን ሲወስን አስቀድሞ የሚያየው ደዌው የደረሰበትን ደረጃ ነው፤ ነገር ግን ንባቡን ማወቅ ለየሕመምተኛው የሚስማማውን መድኃኒት ለመምረጥ እያገዘ መጥቷል።

የምንበላውስ ነገር በዚህ ንባብ ላይ ሥልጣን አለውን? ጥቂት አለው። ሰውነት ያልፈጨው የጥራጥሬና የአትክልት ገለባ ወደ ትልቁ አንጀት ሲደርስ፥ በዚያ ያሉ ጥቃቅን ሕያዋን ያብላሉትና ቡቲሬት የሚባል ነገር ያወጡለታል። ይህም የአንጀቱ ሕዋሳት ምግብ ከመሆኑ በላይ፥ አንዳንዱን ምዕራፍ የሚከፍት ሌላውንም የሚዘጋ ነው። በ2015 ዓ.ም. በታተመ አንድ ጥናት፥ ሃያ ጥቁር አሜሪካውያንና ሃያ የደቡብ አፍሪካ ገጠር ሰዎች ለሁለት ሳምንት ምግባቸውን ተለዋወጡ። ሥጋና ስብ ትተው ገለባ የበዛበትን ምግብ በበሉት አሜሪካውያን አንጀት ውስጥ ቡቲሬት ጨመረ፥ የሕዋሳቱም መባዛት ቀነሰ፤ በደቡብ አፍሪካውያኑ ላይ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ሆነ። ከዚህ ተነሥቶ ግን የሚጾም ሰው በነቀርሳ አይያዝም ማለት ታላቅ ስሕተት ነው። የምንጾመው ለነፍሳችን ነው፤ ምስሩና ጎመኑ ለሥጋችን ቢጠቅም ተጨማሪ በረከት ነው እንጂ ዋስትና አይደለም። አጎቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጾመኛ ነበሩ፤ ሆኖም ታመሙ።

ብዙ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ «ምን በድዬ ነው?» ይላል። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው የሚነግረንን ያነበበ ግን፥ ጌታችን ደዌውን በሰውየውም ሆነ በወላጆቹ ኃጢአት ላይ እንዳላሳበበ ያውቃል። በመጽሐፍ ግልባጭ ውስጥ ፊደል መሳቱ የሕመምተኛው እፍረት ሊሆን አይገባም። ስለ ጠበልም እንዲሁ ነው። በእምነት ጠበል መጠመቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጠበሉን ምክንያት አድርጎ ሐኪምን መሸሽ፥ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ስለ ባለ መድኃኒት ክብር የሚያስተምረውን መዘንጋት ነው።

አጎቴ ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ያደረጉትን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም። አራቱን ልጆቻቸውን ከገጠርም ከከተማም አስጠርተው በአልጋቸው ዙሪያ ሰበሰቧቸው። ያ እንደ ንጉሥ የተፈሩ ሰው፥ ስለ ሰገራቸውና ስለ ደሙ አንድ ሳያስቀሩ በግልጥ ነገሯቸው፤ «እኔ ዝም ያልሁበትን እናንተ ዝም እንዳትሉ» ብለውም አዘዟቸው። ልጆቹ ተመረመሩ። የ46 ዓመት ሰው በሆነው በሁለተኛው ልጃቸው አንጀት ውስጥ ፖሊፕ ተገኘ፤ ገና ነቀርሳ አልሆነም ነበርና በዚያው በመመርመሪያው መሣሪያ ተቈርጦ ወጣ፥ ሆዱም አልተከፈተም። አጎቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ፋሲካ አክብረው ዐረፉ። ልጁ ግን ዛሬም በጤና ልጆቹን ያሳድጋል።

በትውልድ መካከል መነጋገር ምን ያህል እንደሚጠቅም የሕክምና ታሪክም ይመሰክራል። በ1895 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚሺጋን ክፍለ አገር አንዲት ልብስ ሰፊ፥ ከቤተ ዘመዶቿ ብዙዎቹ በአንጀትና በማኅፀን ነቀርሳ እንደ ሞቱ፥ እርሷም በዚሁ እንደምትሞት አልድረድ ዋርቲን ለተባሉ ሐኪም ነገረቻቸው። ቃሏን ንቀው አልተዉትም፤ የዘር ሐረጓን ቈጥረው በ1913 ዓ.ም. አሳተሙት። እርሷ እንደ ተናገረችው በማኅፀን ነቀርሳ ሞተች፤ ምስክርነቷ ግን ሐኪሞች ዛሬ የሊንች ሕመም የሚሉትን፥ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የአራሚ ጂኖች ጕድለት ለማወቅ መንገድ ከፈተ። ሊቃውንት ጂንን ማንበብ ከመቻላቸው በፊት አንዲት ሴት የቤተ ሰቧን ታሪክ አንብባ ነበር።

የተወደዳችሁ አንባብያን፥ ነቀርሳ ለመሆን አሥር ዓመት የሚፈጅ ነገር አሥር ዓመት ሙሉ ዕድል የሚሰጥ ነገር ነው። በአሜሪካ በተያዘው መዝገብ መሠረት፥ ደዌው ከአንጀቱ ሳይወጣ ከተገኘባቸው ሰዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ይገኛሉ፤ ወደ ሩቅ አካል ከተዛመተ በኋላ ሲገኝ ግን ከመቶ ሃያ እንኳ አይሞሉም። በዚያ አገር ምንም ሕመም የሌለበት ሰው ምርመራ የሚጀምርበት ዕድሜ በ2021 ዓ.ም. ከ50 ወደ 45 ዝቅ እንዲል ተመክሯል። ወላጁ ወይም ወንድሙና እኅቱ በዚህ ደዌ የተያዘበት ሰው ከዚያም ቀደም ብሎ ሊመረመር ይገባዋል።

መሣሪያው በየቦታው በማይገኝበት አገር የምንኖር ብንሆንም እንኳ፥ ሁላችንም ልናደርገው የምንችለው ነገር አለ። ከሰገራ ጋር ደም ሲታይ፥ የሆድ ጠባይ ለሳምንታት ተለውጦ ሲቈይ፥ ያለ ምክንያት ሰውነት ሲከሳ ወይም ደም ሲያንስ፥ ሳይመረመሩ ኪንታሮት ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። እርግጥ ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚወስነው ግን ሐኪም ነው። አባት ለልጁ፥ እናት ለሴት ልጇ፥ ባልም ለሚስቱ ይንገር። በቤታችን ያሉ ሽማግሌዎች እፍረት ይዟቸው ዝም እንደሚሉ ዐውቀን እኛ ልጆቻቸው በአክብሮት እንጠይቃቸው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት አባቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

በሕዋስ ውስጥ የታተመውን ምዕራፍ ሊቃውንት ይክፈቱት፤ በየቤታችን የታተመውን አፍ መክፈት ግን የእኛ ፈንታ ነው። አምላካችን ለሕሙማን ምሕረትን፥ ለሐኪሞች ጥበብን፥ ለቤተ ሰብ ሁሉ በግልጥ የመነጋገርን ጸጋ ያድልልን። አሜን።